ጋሼ ታምራት ስቱዲዮ የገባው የስፓኒሽ አልበም

የመጀመሪያ ቀን ዲፕሎማዬን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነው የሄድኩት። ማንም አልጠየቀኝም። ጋሼ ታምራት አንድ የማይክ ኬብል ሰጠኝና "ጠቅልዪ" አለኝ። በክርኔ ላይ እንደ ልብስ ገመድ ጠቀለልኩት። ፈታውና መሬት ላይ ጣለው።

"አራት ዓመት ኮሌጅ ይሄን አላሳዩሽም?"

"እኔ ሚክሲንግ ነው ያጠናሁት።"

"ኬብሉ ከተበጠሰ ምኑን ሚክስ ታደርጊያለሽ?"

ሳምንቱን ሙሉ ኬብል ጠቀለልኩ።

ስቱዲዮው ሆሊውድ አቅራቢያ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከአንድ የሐበሻ ሬስቶራንት በላይ ነው። ማዕረግ ሦስት አለ። ራነር ውሃ ያቀርባል፣ ኬብል ይጠቀልላል። አሲስታንት ማይክ ያቆማል፣ የትኛው ቅጂ ጥሩ እንደሆነ ይጽፋል። ኢንጂነር ቁጭ ብሎ ይሰማል። ኢንጂነሩ ጋሼ ታምራት ነው። ሌላው ሁሉ እኔ ነኝ።

በሩ ላይ በእጁ የጻፈው ወረቀት ተለጥፏል፦ "እዚህ መዝሙር እንጂ ዘፈን አይቀረጽም።" ጋሼ በወጣትነቱ ክለብ ውስጥ ኪቦርድ ይጫወት ነበር፤ ጌታን ሲቀበል ተወው። የሰርግ ዘፋኞች እየመጡ ይለምኑታል። "ወንድሜ፣ ድምፅህ ያምራል። ደረጃው በዚያ በኩል ነው" ብሎ ይሸኛቸዋል። እኔ ይሄ ነገር ገብቶኝ አያውቅም። ድምፅ ድምፅ ነው። ብዬዋለሁም። "አንቺ ገና ነሽ" አለኝ።

አንድ የበጋ ቀን ፕሮዲውሰር ደወለ። ሆሊውድ የሚሠሩበት ስቱዲዮ ኤሲ ተበላሽቷል፤ ለሦስት ቀን ክፍል ይፈልጋሉ። የዘፋኟን ስም ነገረኝ። ሬዲዮ የከፈተ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ሙሉ አልበም በስፓኒሽ እየሠራች ነው። "የአሲስታንቷም ስም ክሬዲት ላይ፣ አልበሙን ከሠሩት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ይገባል" አለኝ።

እኔ ደግሞ ክሬዲት አልነበረኝም። ሆሊውድ ላሉት ስቱዲዮዎች ሁሉ አፕላይ አድርጌ የሚመጣው መልስ አንድ ነው፦ "ክሬዲት አለሽ?"

ጋሼ ጠየቀኝ። "መዝሙር ነው ዘፈን?"

"መዝሙር።" ዓይኔን እንኳን አላሸሁም። "በስፓኒሽ።"

"ተባረኪ" አለኝ። ጋሼ መኪናው ውስጥ ከስብከት ሌላ አይሰማም፤ ስፓኒሽ ደግሞ ከ"ግራሲያስ" አያልፍም። እኔ ሃይስኩል ተምሬዋለሁ።

ልጅቷ መጣች። ጋሼ ለመዘምራን ብቻ የሚያወጣውን ማይክ አወጣላት፤ ከዚያ እጇን ይዞ ጸለየላት። እሷም ዓይኗን ጨፍና "አሜን" አለች። ቀጥላ የዘፈነችው ሌላ ሴት ጋ ስለያዘችው ፍቅረኛዋ ነው። ሸሚዞቹን አንድ በአንድ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ትወረውራለች።

ጋሼ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ እጁን አነሳ። "ምን እያለች ነው?"

"አሮጌውን ልብስ ጣልኩት እያለች ነው።"

"ኤፌሶን! አሮጌውን ሰው አስወግዱ!" አለ። እንባ ያዘው። እኔ ወረቀቴ ላይ "ቅጂ ሦስት፣ ጥሩ" ብዬ ጻፍኩ።

ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። ክሬዲቴን በሕልሜ እያየሁት ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጋሼ አራት የቤተ ክርስቲያኑን መዘምራን ይዞ ከተፍ አለ። ለአዝማቹ እንዲያጅቧትና እንዲያጨበጭቡላት ነው። ፕሮዲውሰሩ በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረው። 

ጭብጨባቸው ከተቀረጸ በኋላ የስፓኒሹን ቃላት በአማርኛ ፊደል ጽፌ ሰጠኋቸው። ሦስቱ እጃቸውን ዘርግተው ጀመሩ። አራተኛዋ፣ እትዬ አስቴር፣ አፏን አልከፈተችም። ለካ ስንት ዓመት ሆቴል ውስጥ ክፍል ያጸዳችው ስፓኒሽ ከሚያወሩ ሴቶች ጋር ነው።

"ታምራት፣ ይቺ ልጅ የሰውዬውን ሸሚዝ ገንዳ ውስጥ እየወረወረች ነው" አለች።

"አሮጌው ልብስ ነው እኮ፣ እትዬ።"

"ኧረ ሐር ነው! ብላለች። ቅሌታም ነህም ብላዋለች።"

ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።

"ሳሮን?" አለ ጋሼ።

"ዘፈን ነው" አልኩ። "ስሜ እንዲጻፍ ብዬ ነው የዋሸሁህ።"

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "ለሦስት ቀን ቃል ሰጥቻለሁ፤ ትጨርስ። አጃቢዎቼ ግን ይወጣሉ። ለምን እንደሚወጡ አንቺው ንገሪያት።"

ነገርኳት። ልጅቷ ወለሉ ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች፤ ከዚያ ተነስታ ጋሼን በሁለት እጇ ይዛ ይቅርታ ጠየቀችው። እትዬ አስቴር ቦርሳዋን አንስታ በሩ ጋ ስትደርስ "ጭብጨባውን ውሰጂው" አለቻት በስፓኒሽ። "ለከዳሽ ሰውዬ ግን ሁለተኛ ሐር አትግዢለት።"

አልበሙ ወጣ። ጭብጨባው አለበት። ጋሼ የስቱዲዮውን ስም ከክሬዲቱ አስወጣ፤ የኔን እንዳለ ተወው። ወዲያው ሆሊውድ አፕላይ አደረግኩ፣ ኢንተርቪው ጠሩኝ። ክሬዲቴን አዩና "ከማን ጋር ነው የሠራሽው?" ብለው የጋሼን ስልክ ቁጥር ወሰዱ።

ጋሼ አነሳላቸው። "ጆሮዋ ጎበዝ ነው። ግጥም ግን አታስተርጉሟት" አላቸው። ለምን ሲሉት ከነሸሚዙ ነገራቸው። እየሳቁ ነው "ሌላ ሰው ወስደናል" ብለው የደወሉልኝ።

ሶ፣ አዲስ ለምትገቡ፦ ክሬዲት ኢንተርቪው ያስገባል። ሥራ የሚያስቀጥረው ስልኩን የሚያነሳው ሰው ነው። እሱን አትዋሹት።