ፊቱ ያልታየው ዘላይ

መጀመሪያ የተሰማኝ የመቀመጫው ቅዝቃዜ ነው። ብረት ነበር፣ ከግድግዳው ጋር የተበየደ። መስኮት የለም። የጫማዬን ክር ስለወሰዱብኝ ስራመድ ጫማው ይወልቅብኛል።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። የክፍላችን ልጅ አባት በኢሚግሬሽን ተይዞ ስለተወሰደ፣ ከትምህርት ቤት ወጥተን ሰፈራችን ያለው ሃቫና ስትሪት ላይ ሰልፍ አደረግን። አንድ ልጅ ፊቱን በስካርፍ ሸፍኖ ዘለለና ባነራችንን የሱቅ ማስታወቂያ ብረት ላይ ሰቀለው። ብረቱ ተገንጥሎ የፖሊስ መኪና መስታወት ሰበረ። ልጁ አመለጠ፤ እኔ ተያዝኩ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ፖሊስ ስልክ ይዞ ገባ። የጣቢያው ጥበቃ ከኋላው ቆሙ፤ ሐበሻ ናቸው፣ አባቴን የሚያህሉ። ፖሊሱ ቪዲዮ ከፈተልኝ።

"ይሄ ማነው?"

እውነት ለመናገር እስከዚያች ደቂቃ አላውቅም ነበር። ግን ዝላዩን አየሁት። በግራ እግሩ ተነሳ፣ ጉልበቱን ሰበሰበ፣ ሌላ ሰው መውረድ በሚጀምርበት ሰዓት እሱ አየር ላይ ቆየ። እጁን የዘረጋው መጨረሻ ላይ ነው፣ መደርደሪያ ላይ ብርጭቆ እንደሚያስቀምጥ ሰው። ሁለት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤታችን ጂም ውስጥ ቅርጫት ኳስ ሲጫወት ፊት ለፊት ተቀምጬ ያየሁት እሱን ነው! ሌሎቹ ደንክ ሲያደርጉ፣ ዘለው ኳሱን ሲከቱ፣ ቀለበቱን ሊነቅሉት ይታገላሉ፣ ይጮኻሉ። እሱ ያስቀምጣል፣ ይወርዳል፣ ይሮጣል። በቃ።

ሳላስበው ፈገግ አልኩ።

"ታውቂዋለሽ" አለ ፖሊሱ።

ልጁ በዚያው ሳምንት ለኮሌጅ ስኮላርሺፕ ሊፈርም ነበር። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቃል።

ጥበቃው በአማርኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የኔ ልጅ፣ ስሙን ንገሪውና ሂጂ። እናትሽ ውጭ ቆማለች። ከሥራ ነው የመጣችው፣ ዩኒፎርሟን እንኳ አላወለቀችም" አሉኝ።

እኛ ቤት ትልቅ ሰው እምቢ አይባልም። ተቀምጦ መመለስማ ጭራሽ ነውር ነው። ተነሳሁ። አንዱ ጫማዬ ወለቀ፤ በካልሲ ቆምኩ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። አልናገርም።"

"ምን አለች?" አለ ፖሊሱ።

"እምቢ አለች" አሉት።

ፖሊሱ በሩን ወርውሮት ወጣ። እሳቸው ቀሩ።

"ወንድምሽ ነው?"

"አይደለም።"

"ጓደኛሽ?"

"አናግሬውም አላውቅ።"

"ታዲያ ምን አሳቀሽ?"

"ሲዘል አላዩትም እንዴ ጋሼ?"

"አይቻለሁ" አሉ ቁልፋቸውን እያወጡ። "አሥር ጊዜ ነው ያየሁት።" ቆልፈውብኝ ሄዱ።

ሳይመሽ ለእናቴ አስረከቡኝ።

ልጁ አሁን ሌላ ስቴት ይጫወታል። ኮመንታተሮቹ ጉልበቱን ያደንቃሉ። ጉልበት አይደለም፤ ትዕግሥት ነው፣ ግን ማን ይነግራቸዋል። እኔን አያውቀኝም፤ እንዲያውቀኝም አልጻፍኩለትም።

ጨዋታ ሲኖር እናቴ አጠገቤ ሶፋው ላይ ትቀመጣለች። አንዳንዴ ድንገት፣ "ያኔ ስሙን የደበቅሽለት ልጅ ማን ነበር?" ትለኛለች።

እሱ ቲቪው ላይ እየዘለለ ነው። ፊቴን ወደ እሷ ሳላዞር፣ "የቱ?" እላታለሁ።