የመንገደኛው ዳቦ

ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው። ከሰዓት በኋላ ማኅበርተኞቻችን ግቢዬ ድረስ መጥተው፣ አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ተራርቀው ቆሙ። ይህ የሳል በሽታ ከገባ ወዲህ ሰው ከሰው ሰላምታ የሚለዋወጠው በሩቁ ነው። የመጡበት ጉዳይ ደግሞ ክስ ሆኖ ተገኘ። ጽዋ የደረሳት አንዲት ወጣት እናት ልጇ ታሞባት ሳትደግስ ቀረች፤ የማኅበሩ ሕግ ደግሞ ትውጣ ይላል፤ እንግዲህ ምን ይሁን ብለው እኔን፣ የማኅበሩን አሮጊት፣ ሊጠይቁ ነው። ልመልስላቸው አፌን ስከፍት ዓይኔ ደጃፌ ላይ ካስቀመጥኩት ዳቦ ላይ አረፈ፤ ሐሳቤም ጥሎኝ ሄደ። እርጅና እንዲህ ነው፤ የዛሬውን ሲጠይቁት የድሮውን ይመልሳል።

ያኔ ንጉሡ እንጦጦ ላይ ነበሩ። ዛሬ ባሕር ዛፍ የለበሰው ጋራ፣ ጥዱ ለቤትና ለማገዶ ተቆርጦ አልቆ፣ ራሱን የተላጨ ሰው ይመስል ነበር። ቤታችን ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ ከሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ከብቱ ያለቀበት ዓመት ነበር። ከሁሉ ይልቅ የማስታውሰው ዝምታውን ነው፤ ማለዳ ጉሙ ሲገለጥ ሜዳው አለ፣ ሣሩ አለ፣ የሚያገሣ በሬ ግን የለም። ሳማ ቀቅለን እንበላ ነበር። ሳማ ሲበስል መለብለቡን ይተዋል፤ ጠረኑ ግን እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ ነው፤ አልጠላውም።

እናቴ ቀደም ብላ ስለሞተች ከአባቴ ጋር ሁለት ነበርን። እኔ ለጋብቻ የደረስኩ፣ ምላሴ ደግሞ ከደረሰ የቆየ ልጅ ነበርኩ። በግንቦት ሚካኤል አባቴ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ የተኛ ሕፃን እንዳቀፈ ሰው ቀስ ብሎ እየተራመደ ወደ ቤት አመጣው። የሰኔው ድግስ የእኛ ነው ማለት ነው። ግንቦት ሳያልቅ ግን ፈንጣጣ ወደ አገሩ ገባ፤ አባቴም ትኩሳት ያዘውና ተኛ።

የቀበሌያችን ጭቃ ሹም አያ ወልዴ ነበሩ። በሽታው እንዳይዛመት ብለው፣ የታመመ ያለበትን ቤት ሁሉ በእሾህ አሳጠሩ፤ የፈንጣጣው ቅርፊት እስኪረግፍ የሚገባም የሚወጣም እንዳይኖር አዘዙ። የእኛም ቤት ታጠረ። እኔ በልጅነቴ ወጥቶብኝ ስለዳንኩ አባቴን ሳልፈራ አስታምም ነበር። ችግሩ ሌላ ነው፤ አያ ወልዴ የጽዋ ማኅበሩም ሙሴ፣ ማለት አለቃው፣ እሳቸው ነበሩ።

የማኅበሩ ሕግ አጭር ነበር። ጽዋ ተቀብሎ በወሩ ያልደገሰ ይወጣል፤ የወጣውን ደግሞ ማኅበሩ አይቀብረውም። በደጉ ዘመን ይህን ሰምቶ የሚደነግጥ አልነበረም። በዚያ ዓመት ግን መንገድ ላይ ወድቆ የቀረውን የሚያነሣው ጅብ ብቻ ነበር። አባቴ ድምፁ እስኪሰልል ድረስ አንድ ነገር ብቻ ይለኝ ጀመር።

«የሺ፣ ከማኅበሬ ከወጣሁ ማን ያነሣኛል?»

«ተነሥተህ በእግርህ ትሄዳለህ፣ አባዬ» እለዋለሁ። እንደማይነሣ ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ግቢውን ሞላው። ማኅበርተኞቹ ከእሾሁ ማዶ ቆመው፣ ከወገባቸው በታች አይታዩም ነበር። አያ ወልዴ ሸማቸውን አደግድገው፣ በትራቸውን ተመርኩዘው፣ «ድግሱ የታለ?» አሉ።

«አያ ወልዴ፣ እህል ከየት ይምጣ? አባቴ እንደሆነ አልጋ ላይ ነው።»

«እህል ያለው ማን አለ፣ ልጄ? ዛሬ ለአባትሽ ብንተው የሐምሌው ይተዋል፣ የነሐሴው ይተዋል። ማኅበሩ ፈርሶ ይቀራል። ያን ጊዜ ሁላችንንስ ማን ይቀብረናል?»

ዛሬ ሳስበው እውነታቸውን ነበር። ያን ዕለት ግን እሾሁን ዘልዬ ብነክሳቸው ደስ ይለኝ ነበር።

በዚህ መካከል ከጉሙ ውስጥ የአህያ ኮቴ ሰማሁ። ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይባላል። በዚያ ዘመን የተጣሉ ሰዎች የትኛውንም መንገደኛ በንጉሥ ስም አስቁመው ዳኘን ማለት ይችሉ ነበር፤ መንገደኛውም እምቢ ማለት አይችልም። እኔም ባለኝ ድምፅ «በንጉሥ አምላክ!» ብዬ ጮኽኩ።

ኮቴው ቆመ። ከሱሉልታ ወገን ጨው ጭኖ የመጣ ጎልማሳ ከጉሙ ብቅ አለ። ፊቱን ፈንጣጣ በልቶታል።

«ኧረ ተዪኝ፣ ኢንተላ ኮ» አለኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለቱ ነው። «አህዮቼን ይዤ ይመሽብኛል።»

«በንጉሥ አምላክ ብያለሁ!»

ተነፈሰና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አያ ወልዴ ክሱን አሰሙ፤ በሙግት ልማድ ደማቸው ሞቀና፣ «ብረታ ሰንጋ እሰጥ!» ብለው ተወራረዱ። በአገሩ አንድ ሰንጋ አልነበረም። አንዱ ሽማግሌ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ወደ መጨረሻው ልቅሶ ሆነበት፤ አያ ወልዴም ፊታቸውን በሸማቸው ሸፈኑ።

ዳኛው እስኪረጋጉ ጠበቃቸው። ከዚያ፣ «ይህን እሾህ ያጠረ ማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ ነኝ፤ በጭቃ ሹምነቴ።»

«ለምን?»

«በሽታው እንዳይወጣ ነዋ።»

«ድግሱስ በየት በኩል ይውጣ፣ ጌታው?»

አያ ወልዴ ዞረው እሾሁን አዩት። እንደ ጭቃ ሹም ያጠሩትን ቤት እንደ ሙሴ ለምን አልተከፈተም ብለው መክሰሳቸው፣ እስከዚያች ሰዓት ለእሳቸውም ለእኛም አልታየንም ነበር።

«አጥርዎም ደግ ነው፣ ሕግዎም ደግ ነው» አለ ዳኛው። «ሁለቱንም አላፈርስም። ልጄ፣ ቤት ውስጥ ምን አለሽ?»

ከገብስ ጥራጊና ከሳማ የጋገርኩት አንድ ጥቁር ዳቦ ነበረኝ። ጠላ ስለሌለ ጽዋው ላይ ውሃ ቀዳሁ። ዳኛው ማኅበርተኞቹን፣ ፈንጣጣ ወጥቶበት የዳነ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ያ የሳቀው ሽማግሌ እጁን አነሣ። እሱና ሽማግሌው እሾሁን ተሻግረው ገቡ፤ ቆርሰው በሉ፣ ከጽዋውም ጠጡ። የቀሩት ከማዶ ጸሎቱን አደረሱ። ጉሙ ውስጥ ድምፃቸው ብቻ ነበር የሚሰማው፤ ከሰማይ ይምጣ ከምድር አይለይም ነበር።

«ተደግሷል» አለ ዳኛው። «ጽዋው ቅርፊቱ እስኪረግፍ እዚሁ ይቆይ።» የዳኝነቱን ዋጋ ሳይቀበል አህዮቹን ነድቶ ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም። አንዳንዴ በሕልሜ ያየሁት ሰው ይመስለኛል።

ስገባ አባቴ ሁሉንም ሰምቶ ኖሯል። «ዳቦው ጨው ነበረው?» አለኝ።

«አልነበረውም።»

«ያ ሁሉ ጨው በር ላይ ቆሞ!» ብሎ ሳቀ። የመጨረሻ ሳቁ ነበር።

ሰኔ ሳይወጣ አረፈ። አያ ወልዴ መጥተው እሾሁን በባዶ እጃቸው ነቀሉት፤ እጃቸው ደማ፤ በዚያው እጃቸው ቃሬዛውን ከፊት ያዙ። አባቴ እስከ የካ ሚካኤል በሰው ትከሻ ሄደ። እየተከተልኩ አለቀስኩ፤ ከልቅሶዬ ግማሹ ደስታ ነበር ብል ማን ያምነኛል?

ከዚያ ወዲህ በየወሩ በሚካኤል ዕለት አንድ ዳቦ ደጃፌ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ያ ሰው ቢያልፍ ብዬ ነው። እሱ አላለፈም፤ የበላው ግን ብዙ መንገደኛ ነው።

«እማማ፣ ምን እንበላት ታዲያ?» አለኝ የዛሬው ሙሴ ከሩቅ ሆኖ።

መንገዱን ቀና ብዬ አየሁ። በሽታው ሰውን ሁሉ ቤቱ ከቶታል፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ነፍስ አይታይም። ብጮኽ የሚቆምልኝ አልነበረም።

«ቤቷ እንዳትሄዱ፣ እንዳትጠይቋት ያዘዘ ማን ነው?» አልኩት።

«እኛው ነን፤ በሽታውን ፈርተን...» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው አንገቱን ደፋ።

ምርኩዜን ይዤ ተነሣሁ፤ ዳቦውንም ከበሩ ላይ አነሣሁት። «የዛሬው መንገደኛ እኔ ነኝ» አልኳቸውና ወደ ወጣቷ እናት ቤት ቁልቁለቱን ጀመርኩ።