እንግዳ ሳይወጣ የተገፈፈ አልጋ

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ኖራለች። የሥራ ጓደኞቿ «መብረቋ» ይሏታል፤ አንዱን ክፍል በሃያ ደቂቃ ጠርጋ፣ ወልውላ፣ አንሶላውን እንደ ከበሮ ወጥራ ትወጣለችና። የራሷ ቤት ሁለት አውቶቡስ ቀይራ የምትደርስበት አንድ ክፍል ነው። ቤት ማለት ለእሷ ጫማ የሚቀየርበትና ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ ከሆነ ሰነባብቷል።

ከሦስት ወር በፊት «ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ?» ብላ እናቷን አብራት እንድትኖር አምጥታት ነበር።

በልጅቱ የእረፍት ቀን ጠዋት እናትየዋ ሻይዋን ፉት አለችና፣ «እኔስ በከሰዓቱ አውቶቡስ ወደ ቤቴ ልሄድ ነው» አለች።

«ምነው እማዬ፣ ምን ጎደለሽ?»

«ሁሉ ሞልቷል፣ ሰው ብቻ ነው የሌለው። ከግድግዳው ጋር ሳወራ ከረምኩ። አንድ ቀን ይመልስልኛል ብዬ ፈራሁ።»

ልጅቱ ክው አለች። ዛሬ ካላግባባቻት እናቷ እንደማትመለስ ገባት። ቁጭ ብላ ልትለምናት ፈለገች፤ ግን መቀመጥ ከየት ይምጣ። እሳት እንደረገጠ ሰው ብድግ አለች። የራሷን ብርጭቆ አነሳች፣ ጠረጴዛውን ወለወለች፣ መጋረጃውን ሰበሰበች። «ቆይ እስቲ፣ እናወራለን» ትላለች፣ እጇ ግን አያርፍም። እንዲህ እያለች የእናቷ አልጋ ጋ ደረሰች። ትራሱን ከልብሱ አወጣች፣ ብርድ ልብሱን አጠፈች፣ አንሶላውን ከአራቱም ማዕዘን ነቅላ ክንዷ ላይ ጠቀለለችው።

«ልጄ፣ ገና ሳልወጣ?» አለች እናትየዋ።

ልጅቱ ደርቃ ቀረች። ሆቴል ውስጥ እንግዳው «ልሄድ ነው» ካለ አልጋው ይገፈፋል፤ እጇ ሌላ ነገር አልለመደም።

«እኔ ልሙት እማዬ፣ ሂጂ ማለቴ አይደለም። እጄ ነው።»

«ይሄ እጅሽ አንቺን አያማክርም ማለት ነው?» እናትየዋ ሳቅ አለች። «እውነቱን ልንገርሽና አንሶላሽም አላስተኛኝም። የምለብሰውን ጭምር ፍራሹ ሥር ጥርቅም አድርገሽ ትወትፊዋለሽ። እግሬን ማስገባት እያቃተኝ ሦስት ወር ከላዩ ተኛሁ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«መቼ? በር ላይ ጫማ ስትቀይሪ?»

ልጅቱ አንሶላውን ከክንዷ አወረደች። ለማታውቀው እንግዳ ሁሉ «ትራስ ይጨመርልዎ?» ትላለች፤ እናቷን ግን አንድም ቀን ጠይቃት አታውቅም።

«እንዴት ላንጥፍልሽ?» አለች ቀስ ብላ።

«አንዱን ጫፍ ለእኔ ስጪኝ።»

ለሁለት ያዙት። ልጅቱ ልትወጥር ስትስብ እናትየዋ «ተይው፣ ይተንፍስ» እያለች፣ እንደ ምንም ልል አድርገው አነጠፉት።

«እስከሚመጣው እረፍትሽ እቆያለሁ» አለች እናትየዋ። «በቀን አንዴ ጫማሽን አውልቀሽ አብረሽኝ ሻይ ካልጠጣሽ ግን፣ ያኔ አልጋውን ራሴ ገፍፌው እሄዳለሁ።»

«እሺ» ብላ ልጅቱ ተቀመጠች። እናቷ ሻይ እስክትቀዳላት ጉልበቷ ጠረጴዛው ሥር ይርገበገባል፣ ዓይኗም መስኮቱ ላይ ያለውን አቧራ አይቶ መመለስ አቃተው። ሁለቱን እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከተተችና ተቀመጠችባቸው።