የመካኒኩ ጆሮ

ሞተር የምመረምረው በጆሮዬ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እጄ የነካው ሞተር ሁሉ ጸጥ ሲልልኝ «ሙያ እንዲህ ነው!» እያልኩ ደረቴን ነፋሁ። ደንበኞች «አሁንም ይንኳኳል» ብለው ሲመለሱ በመንገዱ አሳበብኩ። ባለቤቴንም «አታጉተምትሚ!» እያልኩ ስጮህባት፣ ታከታትና ክሊኒክ ጎትታ ወሰደችኝ።

ነርሷ ጆሮዬን በመብራት አየችና፣ «አባቴ፣ ኩክ ደፍኖታል። በምን ሲጎረጉሩት ነበር?» አለችኝ።

«በሽቦ» አልኩ። ደንበኛ ካርቡራተሩን በሽቦ ሲነካካ ባገኝ የማልለው የለም።

«ለብ ባለ ውሃ ማጠብ ይቻል ነበር፤ ግን ታምቡሩን ጭረውታል። በመቆንጠጫ እንዳንለቅመው ጠልቆ ገብቷል። በማሽን መምጠጡ ይሻላል።»

አዋቂው እኔ፣ «በኮምፕረሰር ቢነፋስ?» አልኩ። ነርሷ ባለቤቴን አየቻት፤ ባለቤቴ ጣሪያውን አየች።

ማሽኑ ቡሽ የሚያህል ጥቁር ነገር መጥጦ አወጣ። ዓለም ተከፈተልኝ።

ወጥተን፣ ባለፈው ሳምንት በገዛ እጄ የጠገንኳትን መኪናችንን ሳስነሳት፣ ድስት ውስጥ ብሎን የሚቆላ ይመስል ተንኳኳች።

«የትኛው ቀሽም መካኒክ ነው ይቺን የነካካት?» ብዬ ጮህኩ።

ባለቤቴ ቀበቶዋን እያሰረች፣ «አሁንማ ሳልጮህ ብነግርህም ትሰማለህ» አለችኝ።