የክት ካሴት

ካሴት ፀሐይ ላይ ሲቆይ የሚያመጣው ሽታ አለ፤ የጋለ ላስቲክና የአሮጌ ወረቀት ሽታ። ባለፈው ቅዳሜ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ካለው ቤቴ ወደ ማኪኒ ልነዳ የእናቴን ካሴት መኪናው መቀመጫ ላይ ትቼ፣ መነጽሬን ላመጣ ገብቼ እስክወጣ ድረስ ሙቀቱ ሥራውን ሠርቶ ነበር። በሩን ስከፍት ያ ሽታ ፊቴን መታኝ፤ ሞተሩን ሳላስነሳ ብዙ ቆየሁ።

የኮምቦልቻው ቤታችን ሽታ ነው። አባቴ የአሰብ መንገድ ሹፌር ስለነበር በሰፈሩ ማንም ያልነበረውን ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ አምጥቶልን ነበር፤ በአንዱ በኩል እያዘፈነ በሌላው የሚቀዳ። እናቴ መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ቤቱ በሽታው ይሞላል። እናቴ ለሁሉም ነገር የክትና የዘወትር ነበራት። የክት ቀሚስ፣ የክት ስኒ፣ የክት አንሶላ፤ የዘወትሩ እስኪነትብ ያገለግላል፣ የክቱ እንግዳ ይጠብቃል፣ እንግዳው ሲመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለክቱ የሚበቃ ሆኖ አይገኝም። ዘፈንንም ያስተዳደረችው በዚሁ ሕግ ነው። ከጋሽ ፈለቀ ሙዚቃ ቤት ካሴት በገዛች ቀን ባዶ ካሴት ላይ ትቀዳዋለች፤ ቅጂው ልብስ ሲታጠብና ሽንኩርት ሲከተፍ ይዘፍናል፣ ክሩ ሲያመልጥም በእስኪሪብቶ ይጠመዘዛል፤ የተገዛው ግን በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ ሳጥን ይገባል። ለሰው አታውስም፣ ለሰውም አትቀዳም። የገዛ እህቷ ባዶ ካሴት ይዛ መጥታ ብትለምናት፣ የቤት ነው ብላ፣ ምሳዋን በደንብ አብልታ በባዶ እጇ ሸኝታታለች።

ጋሽ ፈለቀን ሰፈሩ ሁሉ አንቱ ይለው ነበር፤ እኔም በፊቱ እላለሁ፣ እዚህ ላይ ግን አልቻልኩም። አንድ ቀን በደጃችን ሲያልፍ ቅጂው ሲዘፍን ሰማ፤ በመስኮት አጎንብሶ የሱቁ ማኅተም የሌለበት ካሴት መሆኑን አየ። እናቴን አልጠየቃትም። እሑድ የእድር ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ ከእሱ አንድ ገዝታ ለሰፈሩ እየቀዳች የምታድል ሌባ እንዳለች ተናገረና ስሟን ጠራ። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ «የክቱ ሳጥን ውስጥ አለ» አለች። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ የክት ልብስ እናውቃለን፣ የክት ካሴት ደግሞ ለየትኛው ሠርግ ይሆን ተባለ። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት ስሜ «የክቴ» ሆነ። ከሳቁት አንዳንዶቹ እዚሁ ዳላስ አሉ፤ ለቅሶ ላይ እንገናኛለን፣ ሰላም እላቸዋለሁ፣ አጠገባቸው ግን አልቀመጥም።

ሳጥኑን ከፍታ ብታሳያቸው ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። እሷ ግን ያልሰረቀ ሰው ሳጥኑን ለማንም አይከፍትም ብላ እምቢ አለች። ልክ ነበረች። ቴፑ ላይ ዳንቴል አለበሰችበት፤ ከዚያ በኋላ ልብስ በምታጥብበት ቀን የሚሰማው የሳፋው ውኃ ብቻ ሆነ፤ ከዘፋኙ ጋር አብራ የምታንጎራጉረው ድምጿም አልተመለሰም።

እናቴ ስትሞት ሳጥኑ ለወንድሜ፣ ያ የክት ካሴት፣ ቅጂውና ዳንቴሉ ለእኔ ደረሱ። ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ የሰው ተሽከርካሪ ወንበር ስገፋ በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ያቺ «ሌባ» የምትል ቃል ከጆሮዬ አልወጣችም። ልጄ ሳራ የሕግ ቢሮ ስለምትሠራ በቅርቡ እራት ላይ ጠየቅኋት፤ የገዛሁትን ካሴት ለራሴ ብቀዳ ሌባ ነኝ ወይ?

«ሶ፣ እማዬ፣ ለራስሽ ከሆነ ማንም ኬር አያደርግም» አለችኝ ከስልኳ ቀና ሳትል። «ለሌላ ሰው ስትሰጪ ነው ፕሮብሌሙ። ማለቴ፣ ማን ሱ አድርጎ ፍርድ ቤት ሊያቆምሽ ነው?»

ለእሷ ተራ ነገር ነው፤ ለእኔ ግን ዕድሜ ሙሉ የዘገየ ፍርድ ነበር። ጋሽ ፈለቀ ማኪኒ ከልጁ ጋር እንደሚኖር አንድ ለቅሶ ላይ ሰምቼ ነበርና፣ ይቅርታውን ልቀበል ቅዳሜ ሄድኩ።

ትልቅ ሶፋ ጥግ ላይ ትንሽ ሆኖ ተቀምጧል። የዘነበች ልጅ ነኝ ስለው ፊቱ በራ፤ «የክቷ!» ብሎ ሳቀ። ያኔ የተሳቀውን ያስታውሳል፤ ሌባ ያላትን ግን ረስቶታል። ካሴቱን ከነጠላው ፈትቼ እጁ ላይ አኖርኩለት። የሱቁን ማኅተም በጣቱ ዳሰሰ፣ አገላብጦ አየው፣ ለጆሮው አስጠግቶ ነቀነቀው። ከዚያ ሱቅ አንድም ነገር እንዳልቀረለት ነገረኝ። እኔ የምጠብቀው ሌላ ቃል ነበር።

«እስቲ ቅጂልኝ፣ ልጄ» አለ።

ለእሱ ከቀዳሁ፣ እናቴን ያላት ነገር በእኔ እጅ እውነት ሊሆን ነው።

«ለራስ ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ጋሼ» አልኩት።

ለምን እንዳልኩት አልገባውም። አልተከራከረኝም፤ ካሴቱን በነጠላው ቁራጭ፣ ልክ እንደ እናቴ ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፎ ጠቀለለና መለሰልኝ። ልጁ መኪናዬ ድረስ ሸኘችኝ፤ አባቷ እንዲያ ሲስቅ ካየች እንደቆየች ነግራኝ፣ ተመላለሺ አለችኝ።

ልክ ነበርኩ። እስከ ጋርላንድ መንገዱን ሙሉ ልክ መሆኔን ለራሴ ስነግረው መጣሁ። ቤት ገብቼ የዘወትሩን ቅጂ በአሮጌው ቴፔ ከፍቼ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ፤ የመጀመሪያው ዘፈን ሳያልቅ አጠፋሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል፤ ከወጥ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን ወጥ ቤት። የክቱም የዘወትሩም እጄ ላይ ናቸው፤ ቤቱ ግን ያለ ድምፅ ነው።

ትናንት ሳራ መጥታ ቴፑ ላይ ያለበስኩትን ዳንቴል አየችው። ክዩት ነው፣ ከየት አመጣሽው አለችኝ።

የአያትሽ ነው አልኳት።