ሻምፓኝ ውስጥ የተከልኳቸው ሰባት እርሻዎች

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የነፍስ አባቴ ሲጠይቁኝ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ከእህቴ ጋር መኳረፌን እነግራቸዋለሁ፤ ይህን ግን ሁልጊዜ ዘልዬ አልፋለሁ። ልጆቼም አያውቁም። አሁን የምጽፈው ልቤ ስለ ተሰበረ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። እኔ ልቤ ቶሎ የሚሰበር ሰው አይደለሁም።

ዓይኑ እየጠፋ ያለ ሰው አምኖኝ በፈረመው ወረቀት ላይ፣ አውቄ፣ ሰባት ስሞች ያለ ቦታቸው ጻፍኩ። ነገሩ ይኸው ነው። ሰባት የእርሻ ስም። ትንሽ ይመስላል አይደል? ለእኔም ያኔ ትንሽ መስሎኝ ነበር ብል ደስ ባለኝ። አልመሰለኝም። ምን እንደሚያደርስ አውቄ ነው የጻፍኩት።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። አትላንታ ስገባ ዲኬተር ውስጥ የቢሮ ጽዳት ሥራ ያዝኩ። ከማጸዳቸው ቢሮዎች አንዱ ከጫማ መደብር በላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ሲሆን፣ ሮይ የሚባል አሜሪካዊ የጦርነት ጨዋታ ያዘጋጅበታል። ጨዋታው ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ ትልቅ የወረቀት ካርታ ነው። ካርታው ባለ ስድስት ጎን በሆኑ ትንንሽ ክፍሎች ተከፋፍሏል፤ ተጫዋቾቹ ጦራቸውን የሚወክሉ ቁርጥራጭ ካርቶኖች ከክፍል ወደ ክፍል ያንቀሳቅሳሉ። ሽበት ያበቀሉ ወንዶች ቅዳሜያቸውን በዚህ ይጨርሳሉ ሲሉኝ አላመንኩም። ሮይ በዚያን ጊዜ የያዘው ፈረንሳዮች በገዛ አገራቸው ምሥራቅ፣ ሻምፓኝ በሚባለው አውራጃ፣ በፈረስና በመድፍ የተዋጉትን የጥንት ጦርነት ነበር። እያንዳንዱ ጫካ፣ ወፍጮ ቤትና እርሻ በእውነተኛ ስሙ እንዲጠራ ይፈልጋል። «የፈጠራ ስም አላስገባም» ይል ነበር፤ «የዚያ አገር ገበሬ ካርታዬን ሲገልጥ የአያቱን እርሻ ማግኘት አለበት።»

አንድ ቀን ቆሻሻ ልደፋ ገብቼ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን የድሮ የፈረንሳይ ካርታ ቅጂ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሮይ ከወንበሩ ተነሣ። በሳምንቱ መጥረጊያውን አስረከብኩና ወንበር፣ የጽሕፈት መኪናና አጉሊ መነጽር ተረከብኩ። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ጉንዳን በሚያክል ፊደል የተጻፉ ስሞችን እየለቀምኩ፣ እያንዳንዱን ከካርታው ቁጥር ጋር ካርድ ላይ እጽፍ ነበር። ፈረንሳይን ረግጬ አላውቅም። ግን የማንን ወፍጮ ቤት የትኛው ወንዝ እንደሚያዞረው አውቅ ነበር፤ ኮርቼም ነበር።

ፈረንሳይኛ የተማርኩት ድሬዳዋ ነው፤ እስከ አሥራ አራት ዓመቴ ብቻ። ያስተማረኝ ሙሴ ታደለ ይባላል። እዚያ የፈረንሳይኛ መምህር ሐበሻም ቢሆን «ሙሴ» ነበር የሚባለው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እንጂ «አንተ» ብዬው አላውቅም፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱ አልለውም። የፈረንሳይን ወንዞች እንደ ዳዊት ያስደግመን ነበር፤ ከክፍሉ ሁሉ እኔ እበልጥ ነበር። አባቴ «ትቀጥል ወይስ ይብቃት?» ብሎ ምክር ሊጠይቀው የሄደ ቀን፣ ጃንጥላውን ይዤ ከኋላው ቆሜያለሁ። ሙሴ ታደለ ደብተር እያረመ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለም። «ለሴት ልጅ የሚበቃትን ያህል ተምራለች» አለ። በሁለተኛው ወር ተዳርኩ።

ሮይ ሥራ ሲበዛበት፣ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ያገርሽ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ነበረ። ሙሴ ታደለ በጅቡቲ በኩል ተሰድዶ መጥቶ፣ ስቶን ማውንቴን በሚባለው ሰፈር የወንድሙ ልጅ አፓርትመንት ሶፋ ላይ ይተኛ ነበር። ቤተ ክርስቲያን አግኝቼዋለሁ። ለምን አመጣሁት? በደግነት ነው ብላችሁ ብታልፉልኝ እወድ ነበር። ያመጣሁት ወንበር እንዳለኝ እንዲያይ ነው።

አየ። ወር ሳይሞላ ግን ወንበሩ የሱ ሆነ። እኔ የማላውቀውን ያውቅ ነበር። «ስም እንደ ሰብል ነው፤ የቆላው ደጋ አይበቅልም» ይል ነበር። «በ‹ኬር› የሚጀምር የእርሻ ስም ካየሽ ብሬታኝ ነሽ፤ በምዕራብ ጫፍ፣ ባሕሩ ዳር። ሻምፓኝ ውስጥ አንድም አታገኚም። የመንደር ልጅ እንኳ ይስቅብሻል።» ሮይ «ፕሮፌሰር» እያለ ይጠራው ጀመር። ስሞቹን የሚመርጠው እሱ፣ የሚፈርመው እሱ ሆነ፤ እኔ የሱን ንባብ የምመታ ታይፒስት ሆንኩ።

የማመላልሰውም እኔ ነበርኩ። ግላኮማ የሚባለው ዓይን የሚያጠፋ በሽታ ይዞት ስለ ነበር መኪና መንዳት አይችልም። መንገድ ላይ ስለ ሚስቱ ስለ እትዬ አጸደ ያወራኛል፤ ጅቡቲ ቀርተው ነበር። እሳቸውን ለማምጣት ለኢሚግሬሽን የአሠሪ ደብዳቤ ያስፈልገዋል፤ ሮይም ካርታው ታትሞ ሲወጣ ቋሚ አድርጎ ደብዳቤውን ሊጽፍለት ቃል ገብቷል። ሐኪሙ ደግሞ ዓይንህ የሚያይልህ ቢበዛ ሁለት ዓመት ነው ብሎታል። አንድ ጠዋት ቀይ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ፣ «ዘነቡ፣ አንድ ጊዜ ፊቷን ልይ እንጂ ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ይጥፋ፤ አላዝንም» አለኝ። እኔም «እግዜር ያውቃል ሙሴ» አልኩት። አላወቅሁም ነበር የምልበት ቀዳዳ የለኝም። ከገዛ አፉ ሰምቼዋለሁ።

ታዲያ ምን ሆኜ ነው? ይህን ስሙኝ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሮይ ፈረንሳይኛ የት ተማርሽ ብሎ ጠየቀኝ። አፌን ሳልከፍት ሙሴ ታደለ ሳቀና ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት! ጎበዝ ነበረች እኮ። አባትየው ትምህርቷን አስቋርጦ ዳራት እንጂ። ያገራችን ልማድ ነዋ፣ ምን ይደረግ!»

አባቴ ሞቷል፤ መልስ አይሰጥለትም። ሙሴ ደግሞ ሳንድዊቹን መብላት ቀጠለ። እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ምኑ መሰላችሁ? የዋሸ አይመስለኝም። ረስቶታል። እኔ ሠላሳ ዓመት በየቀኑ የሰማሁትን ቃል እሱ ከአፉ አውጥቶ ጥሎት፣ የት እንደ ጣለውም አያውቅም።

በዚያው ሳምንት የመጨረሻውን ዝርዝር መታሁ። መሳቢያ ውስጥ ከሌላ ጨዋታ የተረፈ የብሬታኝ ካርታ ነበረ። ከእሱ ላይ ሰባት እርሻዎች መረጥኩ፤ ኬርማርያ፣ ኬርግሎፍ፣ ኬርቬኖ፣ ሌሎቹንም። ከሙሴ ዝርዝር ውስጥ ሰባት የሻምፓኝ እርሻዎች አወጣሁና እነዚህን በቦታቸው አስገባሁ። ወረቀቱን ሰጠሁት። የሚፈርምበትን መስመር ለማግኘት አፍንጫውን ወረቀቱ ላይ አስጠግቶ፣ «አንቺ ካየሽው ይበቃል» አለና ፈረመ።

ካርታው ማተሚያ ቤት እስኪገባ አሥራ አንድ ቀን ነበረኝ። አንድ ጊዜ ተናድጄ ነው እንዳልል፣ ንዴት አሥራ አንድ ቀን ይቆያል? በአሥራ አንዱም ቀን ጠዋት ስቶን ማውንቴን ሄጄ ጫንኩት፤ ማታ አደረስኩት። በአሥራ አንዱም ቀን ስለ እትዬ አጸደ አወራኝ። በአሥራ አንዱም ቀን እኔ ዝም አልኩ።

ጨዋታው ከተሸጠ በኋላ ደብዳቤ ይመጣ ጀመር። ፈረንሳይ የሚኖር አንድ ተጫዋች፣ «የአክስቴ እርሻ ወደ ሻምፓኝ መሄዱን ከካርታችሁ ተረዳሁ፤ ላሞቹም አብረው ሄደዋል ወይ?» ብሎ ጻፈ። ሮይ ይህን ጮክ ብሎ አነበበ፤ ፊቱ ቀልቷል። «ካርታ አይደለም ያተምኩት፣ ቀልድ ነው!» እያለ ዝርዝሩን ሙሴ ፊት ወረወረው። ሙሴ ወረቀቱን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ዓይኑ ሥር አድርጎ፣ መስመር በመስመር፣ እስከ መጨረሻው አነበበ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት። እኔ የጽሕፈት መኪናዬን እያየሁ ተቀመጥኩ። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ።

«ፊርማው የኔ ነው» አለ ለሮይ። በዚያው ቀን ተሰናበተ፤ የኢሚግሬሽኑም ደብዳቤ ቀረ።

ወደ ቤቱ የወሰድኩት እኔው ነኝ። ግማሽ መንገድ ላይ፣ ልክ ድሬዳዋ ጥቁር ሰሌዳ አጠገብ እንደ ቆመ ሁሉ፣ «ሰባቱም በትክክል ተጽፈዋል፤ አንድ ፊደል አልሳትሽም» አለኝ። በሕይወቴ ከእሱ የሰማሁት ምስጋና ይህ ብቻ ነው። ስንደርስ በሩን ከፍቶ ወረደና ደረጃውን በእግሩ እየፈለገ ሄደ። ወርጄ አልደገፍኩትም።

ለምን ዝም አለ? ለእኔ አዝኖ ነው? ወይስ ታይፒስት አታለለችው መባልን ጠልቶ? ወይስ በመጨረሻ ለአባቴ ያለውን አስታውሶ? አልጠየቅሁትም። ሮይ ካርታውን እንደ ገና ሲያሳትም ስሞቹን ሁሉ እኔ መረጥኩ፤ ጨዋታው በሚሸጥበት ሳጥን ላይም ስሜ ታተመ። ሙሴ የጻፈው ካርድ ሁሉ በእጄ ስለ ነበር አልተቸገርኩም። ይህንንም አደረግሁ።

እትዬ አጸደ የመጡት ሦስት ዓመት ተኩል ቆይቶ፣ የወንድሙ ልጅ ሎረንስቪል ቤት ገዝቶ ስፖንሰር ሲሆን ነው። ያን ቀን ልጁ ሥራ ላይ ስለ ነበር ኤርፖርት የሚያደርሰው ሰው ተፈለገ። «ዘነቡ ትውሰደኝ» ያለው ራሱ ሙሴ ነው። ለምን እኔን? ይህንንም አልጠየቅሁትም። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ባርኔጣ ደፍቶ ጠበቀኝ። በዚያን ጊዜ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር አያይም ነበር።

መንገደኞቹ መውጣት ሲጀምሩ እጄን ያዘ።

«የትኛዋ ናት?» አለኝ።

እኔ አይቻቸዋለሁ። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው እሱን፣ እሱን ብቻ እያዩ ቆመዋል። «በስተ ቀኝ ናቸው ሙሴ» አልኩት። በስተ ቀኜ ማለቴ ነበር፤ እሱ ግን ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ስለ ነበር ቀኙ ሌላ ነው። ዞረ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ፈገግ አለ። «አጸደዬ፣ እንኳን ደኅና ገባሽ» አለ፣ ለተደረደሩት የሻንጣ ጋሪዎች።

እትዬ አጸደ ቦርሳቸውን ለቀቁት። ስለ ዓይኑ ማንም አልነገራቸውም ነበር። እኔ ሁለት ትከሻውን ይዤ፣ ቀስ አድርጌ፣ ወደ ሚስቱ አዞርኩት። ያን ፊት ሊያይ የሚችልበትን ጊዜ ከእሱ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ያዞሩትም እጆች እነዚያ ሰባት ስም የመቱት እጆች ናቸው።

ለአባቴ ያለውን አልማርኩትም፤ ሲሞትም አልማርኩትም፤ ዛሬም አልምረውም። የሱ በደል ግን የእኔን አያጥብም። እናንተም ማሩኝ ብዬ አልለምናችሁም፤ እኔ የነፈግሁትን በምን አፌ እለምናለሁ?

ሙሴ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። እትዬ አጸደ አሉ፤ ማኅበር ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ጉልበቴን መታ መታ እያደረጉ፣ «ባሌን ትከሻውን ይዛ ያስረከበችኝ ይህች ናት፤ እህት አታደርገውም» ይላሉ። ሰዎቹም እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ። ባለፈው እሑድም ብያለሁ።