«ማንም የማይጠቀምበት ስፍራ»

ነገሩ የሆነው በ2006 ዓ.ም. በጋ ላይ፣ ከአርባ ምንጭ ብዙ በማይርቀው ላንቴ ቀበሌ ነው። እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው ጥፋቱ የእኔ ስለነበረ ነው። በገዛ እጄ የጻፍኳት አንዲት መስመር ናት ጉድ ያደረገችኝ።

ያኔ ከደብረ ታቦር ተመድቤ የመጣሁ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ነበርኩ። አንድ ባለሀብት ከአዲስ አበባ መጥቶ አባያ ሐይቅ ውስጥ ወይን ጠጅ ላስቀምጥ አለ። የታሸጉትን ጠርሙሶች በብረት ሣጥን አድርጎ ሐይቁ ወለል ላይ ሁለት ዓመት ሊያቆያቸው ነው። ከታች ጨለማና ጸጥታ ስለሆነ ወይኑ ሲቆይ ይጣፍጣል አለን። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። አለቃዬ ግን ቦታ ፈልጊ አለኝ፤ ፈለግኩ።

ሦስት ቀን በሞተር ጀልባ ዞርኩ። አስጋሪው መረብ ያልጣለበት ቦታ የለም። ከዳር ትንሽ ገባ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ብቻ መረብም ታንኳም አጣሁ። ደስ አለኝ። ጥናቱ ላይ «ማንም የማይጠቀምበት ስፍራ» ብዬ ጻፍኩና አሰመርኩበት። ለምን እንደማይጠቀሙበት አልጠየቅኩም። ጀልባ ነጂውም እንደኔው እንግዳ ነበር። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነው እንግዲህ።

ከዚያ ሕዝቡ አስተያየት ይስጥበት ተባለና ከሙዝ ማሳው አጠገብ፣ ትልቅ ዛፍ ሥር ስብሰባ ተጠራ። ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እኔው። አንድ ሽማግሌ መረቁ፤ ተቀመጥንና ጥናቴ ተነበበ። ባለሀብቱ ጨዋ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ጠርሙሶቹ ከታች እንዴት እንደሚተኙ፣ ጭቃው ቀስ እያለ እንዴት እንደሚያለብሳቸው ሲያወራ ድምፁና ሙቀቱ ተጋግዘው አደነዘዙኝ። ሐይቁ ከሙዙ ቅጠል ማዶ ሻይ መስሎ ተኝቷል። ዓይኔን ሳልከድን ከውሃው ሥር የወረድኩ መሰለኝ። ድምፅ የለም፤ ቡናማ ጨለማ ብቻ። ጠርሙሶቹ በረድፍ ተኝተዋል። እንዴት ሰላም ነው አልኩ በልቤ።

አንዱ፣ «አዞው ቢሰክርስ?» ብሎ ሰዉ ሲስቅ ነው የባነንኩት።

ሰብሳቢው ተቃውሞ ያለው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ዝም። ደገመ። አሁንም ዝም። እኛ አገር ዝም ያለ ሰው እሺ እንዳለ ይቆጠራልና «በሙሉ ድምፅ ተደገፈ» ብዬ ጻፍኩ። ኋላ ነው የገባኝ፤ እዚያ ሰፈር ነገሩ አብልጦ የሚነካው ሰው ሳይናገር ሌላው አይቀድመውም። ሁሉም እየጠበቀ ነበር። የሚጠብቁትም ከኋላ አግዳሚው ጫፍ ላይ የተቀመጡትን፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ ገበያ ዓሣ የሚሸጡትን እማማ አማረችን ነው።

እሳቸውም ተነሡ። በጋሞኛ ጀምረው ነበር፤ እኔን ሲያዩ ወደ አማርኛ መለሱት።

«ማንም የለበትም አላችሁ። ቶማ አለበት።»

ቶማ ባላቸው ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት እዚያ ቦታ ላይ ማዕበል ታንኳውን ገለበጠው። ቢፈለግ ቢፈለግ አስከሬኑ አልተገኘም። ሄደው የሚያለቅሱበት መቃብር እንኳ የላቸውም። ከዚያን ቀን ወዲህ አስጋሪዎቹ እዚያ መረብ አይጥሉም፤ ማንም አዝዟቸው አይደለም። እማማ አማረች ዓሣ ሻጭ ናቸውና፣ ቶማ ካለበት የወጣ ዓሣ እጃቸው እንዳይገባ ብለው ነው።

እማማ አማረች አልጮሁም፣ አላለቀሱም። ቤቱን ለጠርሙስ አትስጡበት አሉና ተቀመጡ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! ባዶ ነው ብዬ ያሰመርኩበት ቦታ ሰዎች ይህን ሁሉ ዓመት በፍቅር የጠበቁት ኖሯል። ተነሥቼ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሳልጠይቅ ነው የጻፍኩት አልኩ። አለቃዬ ገላመጠኝ። ባለሀብቱ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ፤ እዚያ አንድም ጠርሙስ አላስቀምጥም አለ። ሌላ ቦታም ሳይፈልግ ወደ መጣበት ተመለሰ።

ሰዉ ሲበተን እማማ አማረች ወደ እኔ መጡ። ለእሳቸው ወንዱም ሴቱም «አንተ» ነው።

«አሁንስ ምን ብለህ ጻፍህ፣ ልጄ?»

ጥናቱም ቃለ ጉባኤውም ላይ ያሉትን ሁለቱንም የስሕተት መስመሮቼን ሰርዣቸው ነበር። ከላያቸው የጻፍኩትን አነበብኩላቸው፤ «ስፍራው የአቶ ቶማ ማረፊያ ነው።»

ድገመው አሉኝ። ደገምኩ። ሦስተኛ ጊዜም አነበብኩላቸው። እሳቸውም ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ በቃላቸው ያዙት።

አሁንም ሥራዬ ያው ነው። «ባዶ ቦታ» የሚል ጥናት ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ ሳልፈርም በፊት ወጥቼ የአካባቢውን ሰው እጠይቃለሁ። ያን ቀን ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ያ የቀን ሕልሜ ይመለስብኛል። ቡናማው ውሃ ሥር እወርዳለሁ፤ ጠርሙስ የለም። አንድ ሰው ተኝቷል፣ በላዩም መረብ የለም። እንዳልቀሰቅሰው ቀስ ብዬ እመለሳለሁ።